የማይታየው ጁፒተር



ጁፒተርን ሁላችሁም አይታችሁታል፤ ምናልባት ስሙን ሳታውቁ። ሰማዩ ጥርት ባለ ምሽት ከጨረቃና ከቬነስ ቀጥሎ ደምቆ የሚታየው፣ እንደ ከዋክብቱ የማይርገበገበው ነጭ ብርሃን እሱ ነው። በትንሽ ቴሌስኮፕ የተመለከተው ሰው ደግሞ በደመናው ላይ የተዘረጉትን ቡናማ ሰንበሮችና በጎኑ የተሰለፉትን አራት ጨረቃዎች ያያል። ዛሬ የማወራላችሁ ግን የትኛውም ቴሌስኮፕ በቀጥታ ስለማያሳየው ጁፒተር ነው። በዚህ ፕላኔት ዙሪያ፣ ትልልቅ ጨረቃዎቹን ሁሉ አቅፎ፣ ከፀሐይ በብዙ እጥፍ የሚሰፋ ግዛት ተዘርግቷል። የተሠራውም ከመግነጢሳዊ መስክና በመስኩ ከተያዙ፣ ኤሌክትሪክ ከተሞሉ ቅንጣቶች ነው። ሳይንቲስቶች ማግኔቶስፌር ይሉታል። ለዓይን የሚታይ ቢሆን ኖሮ፣ ከ600 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ ርቆም ቢሆን፣ ሰማያችን ላይ ከሙሉ ጨረቃ ገዝፎ ይታየን ነበር።

ስለዚህ ግዛት ልናገር የመረጥኩት በምክንያት ነው። ስለ ጁፒተር ውስጣዊ አካል፣ ስለ ጨረቃዎቹ እሳትና ስለ ተደበቀው ውኃቸው ከምናውቀው ውስጥ ትልቅ ድርሻ የተገኘው ከዚህ ከማይታየው ነገር ነው። ያው ነገር የላክናቸውን ካሜራዎች ያሳውራል፣ ኮምፒውተሮችን ያወናብዳል፣ ሰው ቢደርስበትም ሳይውል ሳያድር ይገድለዋል። አጥፊውና ነጋሪው አንድ ነው። ሁለቱን አብረን ካላየን ጁፒተርን አናውቀውም ብዬ አምናለሁ።

ዓመታቱን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው በሬዲዮ ነው። በ1955 መጀመሪያ ላይ በርናርድ በርክና ኬኔት ፍራንክሊን የተባሉ ሁለት የካርኔጊ ተቋም ተመራማሪዎች በአሜሪካ ሜሪላንድ፣ ሴኔካ አጠገብ ባለ ሜዳ ላይ አንቴናዎች ዘርግተው ከሰማይ የሚመጣ የሬዲዮ ሞገድ ይመዘግቡ ነበር። ያነጣጠሩት ክራብ ኔቡላ በተባለ የሰማይ አካል ላይ ነው። በመዝገባቸው ላይ ግን አንዳንድ ቀን ብቅ የሚል ድንገተኛ ረብሻ አገኙ። መጀመሪያ በአካባቢው የሚያልፍ የገበሬ መኪና የፈጠረው መሰላቸው። ሆኖም ረብሻው የሚመጣው ሁልጊዜ ከአንድ የሰማይ ክፍል ነበር፤ ያም ክፍል በሳምንታት ውስጥ በከዋክብት መካከል ቀስ እያለ ይዛወራል። የሚዛወር ከሆነ ኮከብ አይደለም። ቦታውን ከሰማይ ሰንጠረዥ ጋር ሲያመሳክሩት ጁፒተር ሆኖ ተገኘ።

ይህን የጠበቀ አልነበረም። ከጋዝ የተሠራ ቀዝቃዛ ፕላኔት በ22 ሜጋኸርዝ ላይ እንዲህ ያለ ብርቱ ድምፅ እንዲያሰማ የሚያደርገው ምንድን ነው? ሼን የተባለ አውስትራሊያዊ ተመራማሪ በ1950 እና በ1951 የቀረጻቸውን መዝገቦች እንደገና ሲያገላብጥ፣ ያው የጁፒተር ድምፅ ተቀድቶ፣ ማንነቱ ሳይታወቅ ተቀምጦ አገኘው። እነዚያ የቆዩ መዝገቦች ትልቅ ሥራ ሠሩ፤ ድምፁ ከፕላኔቱ መሽከርከር ጋር እየተመላለሰ እንደሚመጣ አሳዩ። የኋላ ልኬቶች አጥርተው እንዳስቀመጡት፣ ዙሩ 9 ሰዓት ከ55 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ነው። የጁፒተር ደመና በወገቡና በዋልታዎቹ አካባቢ በተለያየ ፍጥነት ይዞራል። የሬዲዮው ዙር ግን አይዛነፍም። ምንጩ ደመናው ውስጥ ሳይሆን ከሥር፣ በጥልቁ ውስጥ ከተተከለ ነገር ጋር የታሰረ ነው ማለት ነው። ዛሬም የጁፒተር የቀን ርዝመት የሚቆጠረው በዚሁ ነው።

ከዚያ በ1959 ፍራንክ ድሬክና ሄይን ህቫቱም አጠር ባሉ የሬዲዮ ሞገዶች ሌላ ዓይነት ጨረር አግኝተው፣ በጁፒተር ዙሪያ የታሰሩ ፈጣን ኤሌክትሮኖች ይኖራሉ አሉ። በቀጣዩ ዓመት ህንዳዊው ራድሃክሪሽናንና ባልደረባው ሮበርትስ ካሊፎርኒያ ላይ ባደረጉት ልኬት፣ ያ ጨረር የሚወጣው ከፕላኔቱ ገጽ ሳይሆን ከሱ ሦስት እጥፍ ያህል ከሚሰፋ አካባቢ መሆኑን አረጋገጡ። አንድም መንኮራኩር ወደዚያ ሳይሄድ፣ የማይታየው ግዛት መኖሩ በዚህ ታወቀ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ቅንጣቶቹን ራሳቸውን እንከተላቸው፤ ይህን ያልያዘ ሰው የቀረውን ሊያምነኝ ይችላል እንጂ ሊረዳው አይችልም። ኤሌክትሮን አሉታዊ፣ ፕሮቶን አዎንታዊ ኤሌክትሪክ አላቸው፤ ኤሌክትሮን ያጣ አቶም ደግሞ አዮን ይባላል። በአንድነት ሙል ቅንጣቶች እላቸዋለሁ። መግነጢሳዊ መስክ የቆመውን ሙል ቅንጣት አይነካውም። የሚንቀሳቀሰውን ግን ይገፋዋል፤ የሚገፋውም ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ሳይሆን ወደ ጎን ነው። ያለማቋረጥ ወደ ጎን የሚገፋ ነገር መጨረሻው መዞር ነው። ስለዚህ ቅንጣቱ የመስኩን መስመር ይዞራል፤ በመስመሩ ርዝመት የሚጓዝበት ፍጥነት ግን ሳይነካ ይቀርለታል። ሁለቱ ሲጣመሩ፣ ፈትል በእንዝርት ላይ እንደሚጠመጠም መስመሩን እየተጠመጠመ ይጓዛል።

ወደ ዋልታው ሲቃረብ የመስኩ መስመሮች ይጠጋጋሉ፣ መስኩም ይበረታል። ጥምጥሙ ይጠብባል፤ የዙሩም ፍጥነት ይጨምራል። መግነጢሳዊ ጉልበት ብቻውን ለቅንጣት ኃይል አይሰጥም፣ አይወስድበትምም። እንግዲህ በዙሩ ላይ የተጨመረው ፍጥነት ከወደፊት ጉዞው የተቀነሰ መሆን አለበት። በመጨረሻ የወደፊት ጉዞው አልቆ ቅንጣቱ ወደ መጣበት ይመለሳል። በሌላው ዋልታ አጠገብም ይኸው ይጠብቀዋል። በሁለቱ መካከል እየተመላለሰ፣ ከዚያም ጋር ቀስ በቀስ ፕላኔቱን ይዞራል፤ ኤሌክትሮኖች በአንድ አቅጣጫ፣ ፕሮቶኖች በተቃራኒው። ከሌላ ነገር ጋር ካልተጋጨ ወይም ሞገድ ካላናወጠው እንዲሁ እንደታሰረ ረጅም ጊዜ ይቆያል።

ጄምስ ቫን አለን በ1958 በኤክስፕሎረር 1 ላይ በጫነው የጨረር መቁጠሪያ በምድራችን ዙሪያ ያገኛቸው ቀበቶዎች እንዲህ የታሰሩ ቅንጣቶች ናቸው። በዚያው ጊዜ፣ ከ1957 እስከ 1958 በተካሄደው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት፣ አዲስ አበባም የምድርን መግነጢሳዊ መስክ የሚመዘግብ ኦብዘርቫቶሪ ተቋቋመላት። የዚህ ቦታ ትልቁ ዋጋ ለመግነጢሳዊው የምድር ወገብ በጣም መቅረቡ ነው። የመስኩ መስመሮች ወደ ዋልታዎቹ አካባቢ መሬት ውስጥ ይዘቀዝቃሉ፤ እዚህ ግን ከደቡብ ወደ ሰሜን አግድም ተዘርግተው ያልፋሉ ማለት ይቻላል። ቀን ላይም ከራሳችን በላይ፣ ከ100 ኪሎ ሜትር ጥቂት ከፍ ብሎ፣ ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ብርቱ የኤሌክትሪክ ፍሰት አለ። ስለ ጁፒተር የምናገረው ፊዚክስ በዚህ ከተማ በየቀኑ ሲለካ የኖረ ፊዚክስ ነው። መግነጢሳዊውን ወገብ አስታውሱልኝ፤ በጁፒተር ዙሪያ እጅግ አደገኛው ሥፍራ እሱ ነው።

ጁፒተር መስኩን ከየት አመጣው? ውስጡ እንደ ምድራችን ያለ ግዙፍ የቀለጠ ብረት የለውም። አብዛኛው አካሉ ሃይድሮጅን ነው፣ ከንጥረ ነገሮች ሁሉ የቀለለው። በ1935 ዩጂን ዊግነርና ሂላርድ ሀንቲንግተን፣ ሃይድሮጅን በበቂ ግፊት ከታመቀ ኤሌክትሮኖቹ ከየአቶማቸው ተላቀው እንደ ብረት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል ብለው በስሌት ተነበዩ። ጁፒተር ውስጥ ያ ግፊት አለ፤ ከምንተነፍሰው አየር ግፊት ሚሊዮን እጥፍ ከዚያም በላይ። እዚያ ጥልቅ ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ፈሳሽ ሃይድሮጅን በሙቀት እየተናጠ ይሽከረከራል፤ መስኩን የሚወልደው ይህ ነው። ከ1,300 በላይ ምድሮችን ሊይዝ የሚችል አካል ከ10 ሰዓት ባነሰ ጊዜ አንድ ዙር ሲሽከረከር ምን ያህል ኃይል እንደተሸከመ አስቡት። የመስኩ ጠቅላላ አቅም ከምድር መስክ 20,000 እጥፍ ያህል ነው። አቅጣጫውም ዛሬ ካለው የምድር መስክ ተቃራኒ ነው፤ ኮምፓስ እዚያ ቢወሰድ ሰሜን የሚያሳየው ቀስት ወደ ደቡብ ይዞራል። የመስኩ ዘንግ ፕላኔቱ ከሚሽከረከርበት ዘንግ በ10 ዲግሪ ገደማ ዘንበል ያለ ነው። ይህ ዝንባሌ ትንሽ ይምሰል እንጂ፣ እሱ ባይኖር ከጨረቃዎቹ አንዷ ስለሆነችው ስለ ዩሮፓ የምነግራችሁ ባልኖረኝ ነበር።

የመጀመሪያዋ ጎብኚ ፓዮኒር 10 ነበረች። በዲሴምበር 1973 ከደመናው በላይ በ130,000 ኪሎ ሜትር ገደማ አለፈች፤ ከመሣሪያዎቿ አንዱ የቫን አለን ነበር። የተቀበለችው ጨረር ሰውን ከሚገድለው መጠን በብዙ መቶ እጥፍ ይበልጥ ነበር። ጨረሩ በኤሌክትሮኒክስ አካሏ ውስጥ ማንም ያላዘዘውን ትእዛዝ እየፈጠረ አወናበዳት፤ አዮ የተባለችው ጨረቃ የቅርብ ፎቶግራፍ የቀረብን በዚህ ነው። በቀጣዩ ዓመት ፓዮኒር 11 በ43,000 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም ይበልጥ ቀርባ አለፈች፤ ቢሆንም በደህና ወጣች። ያዳናት መንገዷ ነው። ቅንጣቶቹ በብዛት የሚታጨቁት በመግነጢሳዊው ወገብ አካባቢ ስለሆነ፣ ያን ሥፍራ አብራው እንድትጓዝ ሳይሆን ከደቡብ ወደ ሰሜን በፍጥነት ሰንጥቃው እንድታልፍ ተደርጋ ነበር። ከዚያ ወዲህ ወደ ጁፒተር ቀርቦ ለመሄድ የሚያስብ ሁሉ መጀመሪያ የሚያሰላው ይህን ነው።

አሁን ወደ አዮ እንምጣ። ከዚህ ሁሉ ታሪክ እኔን አብዝታ የምትይዘኝ እሷ ናት።

አዮ ከምድር ጨረቃ ጥቂት የምትበልጥ ናት። ከጁፒተር 422,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በ42 ሰዓት ተኩል አንድ ዙር ትዞራለች። በ1964 ኪት ቢግ የተባለ አውስትራሊያዊ የጁፒተርን የሬዲዮ ፍንዳታዎች ከጨረቃዎቹ አቀማመጥ ጋር ሲያስተያይ፣ ብርቱዎቹ የሚሰሙት አዮ በምህዋሯ ላይ ሁለት የተወሰኑ ሥፍራዎች ስትደርስ መሆኑን አገኘ። አንዲት ትንሽ ጨረቃ የዚያን ግዙፍ ፕላኔት ድምፅ ታዝዘዋለች ብሎ የገመተ ግን አልነበረም።

በ1969 ፒተር ጎልድራይክና ዶናልድ ሊንደን-ቤል ምክንያቱን አቀረቡ። የጁፒተር መስክ ከፕላኔቱ ጋር አብሮ ስለሚሽከረከር፣ በመስኩ የተያዘው የሙል ቅንጣቶች ስብስብ፣ ማለትም ፕላዝማ፣ በአዮ ምህዋር ላይ በሰከንድ 74 ኪሎ ሜትር ይበርራል። አዮ ግን በሰከንድ 17 ኪሎ ሜትር ብቻ ትጓዛለች። ስለዚህ ፕላዝማው ከኋላዋ እየደረሰ በሰከንድ 57 ኪሎ ሜትር ይቀድማታል። ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ አካልና መግነጢሳዊ መስክ አንዱ በሌላው ውስጥ ሲያልፉ ቮልቴጅ ይፈጠራል፤ በግድቦቻችን ላይ ያሉት ጀኔሬተሮች የሚሠሩት በዚሁ ሕግ ነው። በአዮ አንድ ጎንና በሌላው ጎን መካከል ያለው ልዩነት 400,000 ቮልት ያህል ነው። የመስኩን መስመሮች ተከትሎ ወደ ጁፒተር ሰሜንና ደቡብ የሚወርደው ፍሰት በሚሊዮን አምፒር ይቆጠራል። በ1993 ጃክ ኮነርኒና ባልደረቦቹ በኢንፍራሬድ ካሜራ የጁፒተርን ዋልታዎች ሲመለከቱ፣ ያ ፍሰት ከባቢ አየሩን የሚመታበትን ነጥብ አብርቶ አዩት። ነጥቡ ፕላኔቱ ሲሽከረከር አብሮ አይዞርም፤ አዮን ይከተላል። ለመስክ ተመራማሪ ከዚህ የበለጠ ስጦታ የለም፤ የማይታይ መስመር ሁለት ጫፎቹ የት እንደሆኑ በዓይን ታየ።

ፕላዝማውስ ከየት መጣ? መልሱን ያገኘነው በማርች 1979 ነው፤ የዚያን ወር ቀናት ሳስባቸው ዛሬም እደነቃለሁ። ስታንተን ፒል፣ ፓትሪክ ካሰንና ሬይ ሬይኖልድስ የሦስቱን ጨረቃዎች ዙር አሰሉ። ጋኒሜድ አንድ ጊዜ ስትዞር ዩሮፓ ሁለት፣ አዮ አራት ጊዜ ትዞራለች፤ ይህ ትስስር የአዮ ምህዋር ፍጹም ክብ እንዳይሆን ያደርገዋል። ለጁፒተር አንዴ ቀርባ አንዴ ርቃ በዞረች ቁጥር የጁፒተር ስበት አካሏን ይለጥጠዋል፣ ይለቀዋል፤ ይህም ውስጧን ያሞቀዋል። እሳተ ገሞራ ሊኖራት ይችላል የሚለው ጽሑፋቸው በማርች 2 ታተመ። ቮዬጀር 1 ጁፒተር አጠገብ ያለፈችው በማርች 5 ነው። ከጥቂት ቀን በኋላ በጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ የምትሠራው ሊንዳ ሞራቢቶ፣ የመንኮራኩሯን አቅጣጫ ለማስላት የተነሣ ፎቶግራፍ ስትመረምር ከአዮ ጠርዝ በላይ ከፍ ብሎ የቆመ ደመና አየች። የእሳተ ገሞራ ጭስ ነበር። ዛሬ በፀሐይ ሥርዓት ውስጥ እንደ አዮ እሳተ ገሞራ የሚበዛበት አካል እንደሌለ እናውቃለን።

ከዚያች እሳት የወጣው ድኝና ኦክስጅን በየሰከንዱ አንድ ቶን ያህል ወደ ጁፒተር ግዛት ይገባል። አቶሞቹ ኤሌክትሮናቸውን እስካላጡ ድረስ መስኩ አይነካቸውም። ባጡበት ቅጽበት ግን ይይዛቸዋል፤ በሰከንድ 17 ኪሎ ሜትር ይጓዝ የነበረው አዮን ተነጥቆ በ74 መብረር ይጀምራል። ቀደም ብዬ መግነጢሳዊ ጉልበት ብቻውን ኃይል አይሰጥም ብዬ ነበር። ታዲያ ይህ ኃይል የማን ነው? የራሱ የጁፒተር ሽክርክሪት ነው። የሚሽከረከር መስክ ኤሌክትሪካዊ መስክ ይፈጥራል፤ ቅንጣቱን የሚያፋጥነው ያ ነው። እያንዳንዱ የአዮ አቶም ከጁፒተር መሽከርከር ላይ ኢምንት እየቀነሰ ይወስዳል። ፕላኔቱ እጅግ ግዙፍ ስለሆነ አይሰማውም እንጂ፣ ሂሳቡ ያለማቋረጥ ይከፈላል።

ምድራችን ላይ ነገሩ ሌላ ነው። የእኛን ማግኔቶስፌር በዋነኛነት የሚያንቀሳቅሰው ከውጭ የሚመጣው የፀሐይ ነፋስ ነው፤ ፀሐይ ስትቆጣ የዋልታ ብርሃን ይደምቃል፣ ስትረጋ ይደበዝዛል። ጁፒተር ግን ግዛቱን የሚያንቀሳቅሰው በራሱ ሽክርክሪትና ከአዮ በሚያገኘው ቁስ ነው። የከበደው ፕላዝማ እየተሽከረከረ ወደ ውጭ ስለሚወረወር የመስኩን መስመሮች ይለጥጣቸዋል፤ በወገቡ በኩል ሰፊና ጠፍጣፋ ንጣፍ ሆነው ይዘረጋሉ። በፀሐይ በኩል ያለው የግዛቱ ወሰን በፀሐይ ነፋስ ግፊት እየተመላለሰ ከ4 እስከ 6 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። በተቃራኒው በኩል ያለው ጭራ ደግሞ እስከ ሳተርን ምህዋር ይደርሳል፤ ቮዬጀር 2 ወደ ሳተርን ስትጓዝ አግኝታዋለች።

ሁሉም ወደ ውጭ አይሄድም። ከፊሎቹ ቅንጣቶች ተንሸራተው ወደ ፕላኔቱ ይጠጋሉ፤ ወደ በረታው መስክ በገቡ መጠንም ኃይላቸው እያደገ ይሄዳል። ኤሌክትሮኖቹ ለብርሃን ፍጥነት እስኪቃረቡ ድረስ ይፋጠናሉ። በ1960 ከምድር የተለካው ጨረር የእነዚህ ነው፤ መንኮራኩር የሚያቃጥሉትም እነዚሁ ናቸው።

ከጁላይ 2016 ጀምሮ ጁፒተርን የዞረችው መንኮራኩር ጁኖ ይህን ግዛት ማንም ባልተመለከተበት አቅጣጫ፣ በዋልታዎቹ በኩል አሳየችን። ከርቀት አንድ ቀላል የሰሜንና የደቡብ ማግኔት ይመስል የነበረው መስክ ቀርባ ስትለካው የተጠላለፈ ሆኖ ተገኘ። ሰሜኑ ከደቡቡ አይመሳሰልም፤ ከወገቡ አጠገብ ደግሞ መስኩ ተጠናክሮ ወደ ውስጥ የሚገባበት አንድ ሥፍራ አለ፤ በካርታው ላይ በተቀባበት ቀለም የተነሣ ታላቁ ሰማያዊ ነጥብ ይባላል። ከቁጥሮቹ ተነሥተው ተመራማሪዎች መስኩ የሚወለድበት ክፍል ከማዕከሉ እስከ ደመናው ካለው ርቀት 80 በመቶ ያህል እንደሚደርስ አስልተዋል። የፕላኔትን አንጀት መስክን በሚለካ መሣሪያ፣ በማግኔቶሜትር፣ ማንበብ ማለት ይህ ነው።

የዋልታ ብርሃኑንም መረመረች። ምድራችን ላይ እጅግ የሚያበራው የዋልታ ብርሃን የሚመጣው ከከባቢ አየሩ በላይ በተዘረጋ ቮልቴጅ ወደ ታች በሚወረወሩ ኤሌክትሮኖች ነው። ጁኖ እዚያም እንዲህ ያለ ቮልቴጅ አገኘች፤ ምድር ላይ ከሚለካው ትልቁ ከ10 እስከ 30 እጥፍ። የጠበቅነው ተገኘ ልንል ስንል ሌላ ነገር ታየ። የጁፒተር እጅግ ደማቁ ብርሃን ከዚያ ቮልቴጅ አይመጣም፤ ኤሌክትሮኖቹን በተዘበራረቀ ኃይል ከሚያጣድፍ፣ በሞገዶች ከሚነዳ ሌላ ሂደት ነው። ለእኔ ይህ የሥነ ፈለክ ትልቁ ደስታ ነው፤ ሕጎቹ አንድ ሆነው ሳለ ግዝፈት ሲለወጥ የበላይ የሚሆነው ሂደት ይለወጣል።

ጁኖ እዚህ ለመድረስ የከፈለችው ዋጋ አለ። አእምሮዋ የተቀመጠው ግድግዳው 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ባለው የቲታኒየም ሣጥን ውስጥ ነው። ምህዋሯ የተነደፈው በደመናውና በጨረር ቀበቶዎቹ መካከል ባለው ጠባብ ክፍተት ሾልካ እንድታልፍ ነው፤ የፓዮኒር 11 ትምህርት ማለት ነው። ካሜራዋ ግን ከሣጥኑ ውጭ ነው። ለስምንት ዙር ብቻ ታስቦ የተሠራ ሆኖ ሳለ ከ40 ዙር በላይ ሠራ፤ ከዚያ ምስሎቹ በመስመርና በጭጋግ መሞላት ጀመሩ። በ2023 መጨረሻ ጁኖ አዮን በ1,500 ኪሎ ሜትር ርቀት የምታልፍበት ቀን ሲቃረብ ካሜራው ሊጠፋ ደርሶ ነበር። መሐንዲሶቹ በቀራቸው ጊዜ አንድ ነገር ሞከሩ፤ የካሜራውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ከፍ አደረጉት። ቅንጣቶቹ በሲሊከኑ ውስጥ ያዛነፏቸው አቶሞች ሲሞቁ ወደ ሥፍራቸው ሊመለሱ ይችላሉ በሚል ተስፋ ነው። በዲሴምበር 30 የአዮ ተራሮች ጥርት ብለው ታዩ። ከእሷ በፊት የነበረችው ጋሊሊዮም በ2002 አማልቴያ የምትባለውን ውስጠኛ ጨረቃ ስታልፍ የቴፕ መቅጃዋ በጨረር ተጎድቶ፣ በተጎዳው ክፍል ውስጥ ለረጅም ጊዜ ኤሌክትሪክ በማሳለፍ ነው የተመለሰው። በብዙ መቶ ሚሊዮን ኪሎ ሜትሮች ርቀት ላይ ያለን አቶም በሙቀት ወደ ቦታው የሚመልሱ ሰዎች ሥራ ክብር ይገባዋል።

ጋሊሊዮን ካነሣሁ፣ እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ ወደሚያመራበት ግኝት ደረስን። ይህች መንኮራኩር ከ1995 እስከ 2003 ጁፒተርን ስትዞር ማርጋሬት ኪቬልሰን የምትመራው የማግኔቶሜትር ቡድን ሁለት ነገር አገኘ። የመጀመሪያው ጋኒሜድ የራሷ መግነጢሳዊ መስክ እንዳላት ነው፤ በ1996። ከምናውቃቸው ጨረቃዎች ሁሉ ይህ ያላት እሷ ብቻ ናት። ሁለተኛው ስለ ዩሮፓ ነው።

ዩሮፓ ገጿ በሙሉ በረዶ ነው። ከበረዶው ሥር ውኃ ይኖራል የሚል ጥርጣሬ ከፎቶግራፎቿ ተነሥቶ ነበር፤ ፎቶግራፍ ግን ከበረዶ በታች አያሳይም። እዚህ ላይ ነው የ10 ዲግሪው ዝንባሌ የሚመጣው። የጁፒተር መስክ ዘንበል ብሎ ስለሚሽከረከር ዩሮፓ አንዴ ከመግነጢሳዊው ወገብ በላይ፣ አንዴ በታች ትሆናለች። በእሷ በኩል የሚያልፈው መስክ ከፊል አቅጣጫው በየ11 ሰዓቱ እየተመላለሰ ይገለባበጣል። የሚለዋወጥ መስክ ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍ አካል ውስጥ ፍሰት ይቀሰቅሳል፤ ያ ፍሰትም በበኩሉ ለውጡን የሚቃወም ሌላ መስክ ይወልዳል። በረዶ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ጨዋማ ውኃ ያስተላልፋል። በ1996 እና በ1997 ጋሊሊዮ በዩሮፓ አጠገብ ስታልፍ እንዲህ ያለ መስክ ለካች። ነገር ግን ጋኒሜድ እንዳላት ያለ ቋሚ መስክ ቢሆንስ? መለያው ቀላል ነበር፤ ቋሚ መስክ አይገለበጥም፣ በምላሽ የተወለደ ግን የጁፒተር መስክ ሲገለበጥ አብሮ ይገለበጣል። በጃንዋሪ 3 ቀን 2000 ጋሊሊዮ ዩሮፓ በተቃራኒው ወገን ባለችበት ሰዓት አለፈች። መስኩ ተገልብጦ ተገኘ። ከበረዶው ሥር ጨዋማ ውቅያኖስ መኖሩን እጅግ አጥብቆ የሚያስረዳው ማስረጃ እስከ ዛሬ ይህ ነው፤ አንድም ዓይን ያላየው ውኃ በማግኔት ተገኘ።

ቀጣዮቹ መንኮራኩሮች በመንገድ ላይ ናቸው። የአውሮፓ የኅዋ ኤጀንሲ ጁስ በኤፕሪል 2023 ተነሥታለች፤ በ2031 ደርሳ በመጨረሻ ጋኒሜድን ትዞራለች። የናሳ ዩሮፓ ክሊፐር በኦክቶበር 14 ቀን 2024 ተነሥታ በ2030 ትደርሳለች። ክሊፐር ዩሮፓን አትዞርም፤ በዚያ ጨረር ውስጥ ረጅም ጊዜ መቆየት አይቻላትም። የምትዞረው ጁፒተርን ነው፤ በሰፊ ምህዋር እየራቀች፣ ወደ 50 ለሚጠጋ ጊዜ በዩሮፓ አጠገብ ፈጥና እያለፈች፣ ከዚያም ወደ ጸጥታው እየተመለሰች። የእሷም ኤሌክትሮኒክስ በብረት ሣጥን ተከልሏል።

ማግኔቶሜትሯ የሚፈልገው የዩሮፓን ምላሽ በሁለት የተለያዩ ምቶች ነው፤ አንዱ ከጁፒተር መሽከርከር የሚመጣው 11 ሰዓቱ፣ ሌላው ዩሮፓ ራሷ ጁፒተርን ስትዞር የምትወስደው 85 ሰዓት። ፈጣኑ ለውጥ ውኃው ውስጥ ብዙም አይዘልቅም፣ ዝግተኛው ጠልቆ ይገባል። ከአንዱ ብቻ ጥልቅና ጨው ያነሰበት ውቅያኖስን፣ ጥልቀት ከሌለውና ጨው ከበዛበት መለየት አይቻልም፤ ከሁለቱ ግን ይቻላል። ችግሩ ከአዮ ተነሥቶ እዚያ የደረሰው ፕላዝማም በዩሮፓ ዙሪያ የራሱን ፍሰትና የራሱን መስክ ይፈጥራል። ስለዚህ ክሊፐር ሙል ቅንጣቶቹን የሚቆጥር ሌላ መሣሪያ አብራ ይዛለች። በእያንዳንዱ ማለፊያ ላይ ቅንጣቶቹ የፈጠሩት መስክ ተሰልቶ ከጠቅላላው ይቀነሳል፤ የሚቀረው የውቅያኖሱ ነው።